ያለ ሟች የተነፋ ጥሩንባ

አባስ በመቱ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። አምፖል፣ ሽቦ፣ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፤ ከሁሉም በላይ ግን ፓውዛ፣ ግቢ የሚያበራው ትልቅ መብራት። ከሰባት ዓመት ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ የተሰቀለ ፓውዛ ሁሉ ከእሱ መደርደሪያ የወረደ ነው። የወፍጮ ቤቱን ግቢ፣ ማደያውን፣ የእንጨት መሰንጠቂያውን፣ የቡና መጋዘኖቹን ያበራው እሱ ነው። መህዲ ሆቴል ጣሪያ ላይ የተተከሉትን ሦስት ትልልቆች የሸጠውም እሱ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ ሲገዙ ሌባ ፈርተው ነበር። በኋላ ግን ጎረቤት ስላበራ አበሩ።

ከሱቁ ሌላ አንድ ነገር ነበረው። የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ የሚቀባበርበት፣ ዘጠና አባወራ ያለው እድር ነው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በስሙ ላይ ነገር ያነሳ ሰው አልነበረም። ይህን ያውቀዋል፤ ማወቁም ከአካሄዱ ያስታውቃል።

በሰኔ መጀመሪያ ዱሬቲ ወደ ሱቁ መጣች። የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ተምራ ተመልሳ አካባቢ ጥበቃ ላይ ትሠራለች።

«ጋሼ፣ ከሱቅዎ ጀርባ ያለውን ረግረጋማ ጨፌ ማታ ማታ አይተውት ያውቃሉ?»

«ምን ሆነ?»

«ጨለማ የለውም።»

አባስ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ራሳቸው ላይ ወርቃማ አክሊል ስላላቸው ረጃጅም ወፎች ነገረችው። እሷ ልጅ ሳለች ማታ ማታ ከሠላሳ በላይ ሆነው ጨፌው ላይ ይወርዱ ነበር። ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ በክረምት ደግሞ ሣሩ መሃል እንቁላል ይጥላሉ። ባለፈው ዓመት የታዩት አራት ብቻ ናቸው። ከየጣሪያው የሚወረወረው መብራት እንቅልፍ ነሳቸው፤ ሲዞሩ እያደሩ ደከማቸውና አካባቢውን ለቀው ወደ ኖፓ በኩል ሄዱ።

«ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ፓውዛው ወደ መሬት ይዙር። ከላዩ የቆርቆሮ ቆብ ይደረግለት። የማስታወቂያ መብራቱም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይጥፋ። ነጋዴው ይህን ካደረገ በኋላ ደጁ ላይ መዝገብ ያኑርልን። በጎ ፈቃደኛ እንፈልጋለን። የጨፌውን ዳር መልሶ የሚተክል፣ ማታ ማታ ወፎቹን የሚቆጥር።»

«ታዲያ እኔ ጋ ለምን መጣሽ?»

«መብራቱን የሸጡላቸው እርስዎ ነዎት። እድሩንም የሚመሩት እርስዎ። እኔ ብናገር የቢሮ ወሬ ነው። እርስዎ ከተናገሩ ሰፈሩ ይሰማል።»

ይህ ቃል አባስን ደስ አሰኘው። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ በየደጁ ዞረ። በመንገዱ ዳር ካሉት አሥራ አራት ነጋዴዎች አሥራ አንዱ እሺ አሉት። አንዳንዱ የቆርቆሮውን ቆብ በዚያው ሳምንት አሠርቶ አለበሰ። የቀረው ትልቁ መብራት ነበር፤ የመህዲ።

መህዲን በረንዳው ላይ ከደንበኞቹ ጋር ተቀምጦ አገኘው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማና ወደ ደንበኞቹ ዞረ።

«ትናንት ብርሃን ሸጡልን፤ ዛሬ ደግሞ ጨለማ ሊሸጡልን መጡ። ዋጋው እንዴት ነው ጋሼ?»

በረንዳው ሳቀ።

«ይኸኛው በነጻ ነው» አለ አባስ።

«እንግዲያው ይበልጥ ያስፈራል።» መህዲ ወንበር ሳበለት። «ይስሙኝ ጋሼ። እኔ ሦስቱንም አጠፋለሁ። ግን ነገሩ ወረቀት ላይ እንዳይቀር። የተከላው ቀን ሰው ሲወጣ በዓይኔ ልይ። አርባ ሰው ከወጣ እኔም አለሁ። ካልወጣ ግን ብቻዬን ጨለማ ውስጥ ሆቴል ከፍቼ አልቀመጥም።»

«አርባ?» አለ አባስ። «እኔ ጠርቼው ያልወጣ ሰው ካለ ስሙን ንገረኝ።»

ይህን ያለው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። በረንዳው ላይ አሥር ያህል ሰው ነበር፤ ሁሉም ሰማው።

ሦስት ሳምንት መዝገቡ በሱቁ መስኮት ላይ ተቀመጠ። አምፖል ሊገዛ የመጣ ሁሉ እስክሪብቶ ይቀርብለታል። ብዙው ሰው ስሙን የጻፈው ጋሼ አባስን እምቢ ማለት አፍሮ ነው። አባስ ይህን ሳያየው አልቀረም፤ ግን ስሞቹን ሲቆጥር ሃምሳ ሁለት ሆኑለትና መዝገቡን ዘጋ።

የተከላው ቅዳሜ ደረሰ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጎህ ሲቀድ አባራ። የተቀጠረው ለጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። ዱሬቲ ችግኙንና የሣሩን ሥር በካርቶን ደርድራ ቀደመች። ከዞኑ ቢሮ አንድ ኃላፊ መጣ። ከጎሬና ከቡሬም ጥቂት ነጋዴዎች መጡ፤ የመቱ ሰው የሠራውን አይተው በየከተማቸው ሊሞክሩት ነው። መህዲ ዣንጥላውን ይዞ ጨፌው ዳር ካለው ድልድይ ጫፍ ቆሟል።

አንድ ሰዓት ሆነ። አንድ ተኩል ሆነ። የመጣው ዘጠኝ ሰው ነው።

መህዲ በጣቱ ቆጠረ። «ዘጠኝ» አለ። «ያቺን ዳር የምትግጠውን ፍየል ካልጨመርናት።»

የቡሬ ሰዎች ፈገግ አሉ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። አባስ «ጭቃው ነው፤ አሁን ይመጣሉ» አለና ሰው ሊያስጠራ እንደሚሄድ ሆኖ ከዚያ ራቀ። በእርግጥም ሊያስጠራ ነበር የሄደው። የሄደው ግን ጎንፋ ቤት ነው።

ጎንፋ አናጺ ነው፤ የእድሩን ጥሩንባ ሠላሳ ዓመት የነፋው እሱ ነው። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስምና ቤቱን ይጠራል። ያን የሰማ የእድሩ ሰው የያዘውን ጥሎ ይወጣል። አባስ ደጁን ሲረግጥ ጎንፋ ፊቱን አይቶ ጥሩንባውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ።

«ማን ነው?»

«ማንም አይደለም። ለተከላው ነው። ሰው አልወጣም።»

ጎንፋ ጥሩንባውን መልሶ ሰቀለው። «ለእሱ ማይክራፎን አለ።»

«ማይክራፎን የሚሰማ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ጎንፋ። እንግዶች ቆመዋል።»

«አባስ፣ ይኼን ሲሰማ በአፉ የያዘውን የሚውጥ ሰው የለም።»

«ለዚያ ነው የመጣሁት።»

«የማንን ስም ልጥራ?»

«ስም አትጥራ። ወደ ጨፌው ውጡ፣ በል።»

«ማሎ፣ ተው አባስ።»

«የእድሩ ሊቀመንበር ማን ነው?»

ጎንፋ «አንተ ነህ» አለና ጥሩንባውን አወረደ።

አባስ ወደ ጨፌው ሲመለስ ድምፁ ከኋላው ተነሳ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ የጎንፋ የሻከረ ጥሪ፤ ወደ ጨፌው ውጡ። ያኔ እንኳ አልገባውም። ስም ያልተጠራበት ጥሪ በዚያ ሰፈር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ሬሳው ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም ማለት ነው። ወደ ጨፌው ከተባለ ደግሞ ከውሃ የወጣ ነው።

ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች አካፋና ዶማ ተሸክመው። በእድሩ ደንብ መቃብር ቆፋሪዎቹ ተራቸው የደረሰ ሰዎች ናቸውና መሣሪያቸውን ይዘው ነው የሚወጡት። ከመቶ በላይ ሆኑ። ጭቃው ላይ ዝም ብለው ቆሙ፤ እርስ በርሳቸው ብቻ ያንሾካሹካሉ።

ኃላፊው ፊቱ በራ። «አካፋቸውን ሳይቀር ይዘው ነው የመጡት» አላቸው ለጎሬዎቹ። አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሳ። መህዲ ሕዝቡን በዓይኑ ለካና ዣንጥላውን አጠፈ።

«አልፏል አርባውን» አለ። ስልኩን አውጥቶ ወደ ሆቴሉ ደወለ። «ዛሬ ማታ ሦስቱም እንዳይበሩ። አዎ፣ ሦስቱም።»

ዱሬቲ ግን ሴቶቹን አየች፤ ነጠላቸው ለሐዘን መዘቅዘቁን አየች። ከዚያ አባስን አየች። አባስ ዓይኑን ወደ ችግኞቹ አዞረ።

አሁን እናገራለሁ አለ በልቡ። ከዚያ ደግሞ፣ ኃላፊው ንግግሩን ይጨርስ አለ። ኃላፊው ንግግር ጀምሮ ነበር፤ ስለ ወፎቹና ስለ ነጋዴው ማኅበረሰብ አርአያነት። አንድ ሽማግሌ ወደ አባስ ጠጋ ብሎ «ማን ነው አባስ? ወጣ ወይስ ገና ነው?» አለው። አባስ እጁን አነሳ፤ ቆይ ማለቱ ነበር። ሽማግሌው ገና ነው ማለቱ መስሎት ወደ ኋላ ተመልሶ ለሌሎቹ ነገረ። አባስ ይህንንም አየ። አሁንም አልተናገረም።

በዚህ መሃል ሽብሬ መጣች። ባሏ ደበሳ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከትናንት በስቲያ ቡና ሊጭን ወደ ቡሬ ሄዶ ነበር፤ ትናንት ማታ መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም፤ ስልኩም ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። ነጠላ አልደረበችም። ማንንም አልጠየቀችም። በሕዝቡ መሃል ሰንጥቃ አለፈችና ቀጥ ብላ ውሃው ውስጥ ገባች።

ሣሩን በሁለት እጇ እየከፈለች ትፈልግ ጀመር። ውሃው ጉልበቷን አለፈ፤ ጭኗ ደረሰ። አልጮኸችም። «ደበሳ» ትላለች፤ የተኛ ሰው እንደምትቀሰቅስ ቀስ ብላ። «ደበሳ። ደበሳ።» ዳር የቆሙት ሴቶች አንዷ ስትጀምር ሁሉም አለቀሱ። ኃላፊው ንግግሩን አቋረጠ።

አባስ ከነጫማው ገባ። ጭቃው አንድ ጫማውን ያዘበት፤ ትቶት ሄደ። ሲደርስባት ክንዷን ያዛት።

«አገኛችሁት ጋሼ?» አለችው። «ወዴት አደረጋችሁት?»

«ሽብሬ፣ የለም። ማንም አልሞተም።»

«ደበሳ ነው። ስልኩ አይሠራም።»

«ማንም አልሞተም። ሰው እንዲወጣ ብዬ ያስነፋሁት እኔ ነኝ።»

እጆቿ ሣሩን እንደያዙ ቀሩ። «ለምን?»

«ለወፎቹ» አለ አባስ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱ ሰማው። ዳር የቆመውም ሁሉ ሰማ፤ ጸጥ ብሎ ነበርና። ሽብሬ ሣሩን ለቀቀች። የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ጨመቀችው።

«እሺ ጋሼ» አለች። «እሺ።»

ክንዷን ከእጁ ቀስ ብላ አስለቅቃ ወጣች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ሕዝቡም አልተሳደበም። ወንዶቹ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። አንዲት ሴት ብቻ በአጠገቡ ስታልፍ፣ ሳትቆም፣ «ወፎቹን እግዜር ያኑርልዎት ጋሼ» አለችው። ዘጠኙ ሰዎች ግን አልሄዱም። ጎንበስ ብለው የሣሩን ሥር ይተክሉ ጀመር። አባስ ባንድ ጫማ ቆሞ አያቸው።

ደበሳ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ አድሮ ነበር፤ የስልኩም ባትሪ አልቆ ነው።

ያን ዕለት ማታ የመህዲ ሦስቱም ፓውዛዎች በሩ። አባስ በሱቁ ደጅ ሆኖ ጨፌው ነጭ ሲሆን አየ። በማግስቱ መህዲ ራሱ መጣ። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«ጋሼ፣ እኔ ቃል የገባሁት በበጎ ፈቃድ ለሚወጣ ሰው ነው። ለቀብር ለወጣ ሰው አይደለም።»

«ልክ ነህ» አለ አባስ።

መህዲ አባስ የሚከራከረው መስሎት መጥቶ ነበር። ተመልሶ ወደ ሆቴሉ ሄደ። በሳምንቱ ወፍጮ ቤቱ የቆርቆሮ ቆቡን አወለቀ። ማደያው ተከተለ። ከአሥራ አንዱ ቆቡን ያላወለቁት አራት ብቻ ሆኑ። ሌሎቹ ቀድሞ የአባስን ስም ብለው ያደረጉትን፣ አሁንም ስሙን ብለው ተዉት።

ዱሬቲ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ዓይን ዓይኑን አላየችውም።

«ኃላፊው በቃላቸው መቶ አርባ በጎ ፈቃደኛ ብለዋል። ሪፖርቱ ላይ ስንት ልጻፍ ጋሼ?»

«ዘጠኝ።»

«ለምን ዘጠኝ ብቻ ካሉኝስ?»

«አባስ የሚባል ሰው ዋሽቶ አበላሸው ብለሽ ጻፊ።»

ዘጠኝ ብላ ጻፈች። ሌላውን አልጻፈችውም። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «ቀኑን ገፋ አድርጌ ጊዜ ብሰጥዎት ኖሮ አርባ ይሞላ ነበር» አለች። «እኔም ቸኩዬ ነበር።» እሷ ጥፋቱን ልትካፈለው ፈልጋ ነው። እሱ ግን ከዚያ ይበልጥ አፈረ።

በእድሩ ስብሰባ ተነስቶ ያደረገውን ተናገረና ከሊቀመንበርነቱ እንዲያነሱት ጠየቀ። አንድ አዛውንት «የሚተካዎትን እስክናገኝ ይቆዩ» አሉት። ሻሩት እንዳይባል አልሻሩትም፤ ይቅርታም አላሉትም። ጎንፋ ከጥግ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ደበሳ ደህና ገባ፤ እሱስ አለፈ። እኔ የፈራሁት የሚቀጥለውን ነው።»

የሚቀጥለው በሐምሌ መጨረሻ መጣ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሻሽቱ የምትባል አሮጊት ነበረች። ባሏ ከሞተ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅም ዘመድም የላትም። ያላት እድሩ ብቻ ነው። ጠዋት ሞታ ተገኘች።

ጎንፋ ሦስት ጊዜ ነፋ። ስሟን ጠራ፤ ቤቷን ጠራ። አባስ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ሰማና ሰው ሲወጣ ለማየት ወደ በሩ ተጠጋ። ዝናብ እየጣለ ነበር። ማንም አልወጣም። ከማዶ ሱቅ ሁለት ሰዎች ከጣሪያው ሥር ቆመዋል።

«ዛሬ ደግሞ ዳክዬ ይሆናል» አለ አንዱ።

«ስም ተጠርቷል እኮ።»

«ስም መጥራትም ለምደው ይሆናላ።»

አባስ ሱቁን ዘጋ። ዣንጥላ አልያዘም። ከማዶ ሱቅ ጀመረ። «እውነት ነው» አላቸው ለሁለቱ። «ሻሽቱ ሞታለች። ጥሩንባውን ያስዋሸሁት እኔ ነኝ እንጂ ጎንፋ አይደለም።» ሰዎቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ወደሚቀጥለው ደጅ አለፈ።

በየደጁ ያንኑ ቃል ተናገረ። ቃሉን ሊያሳጥረው አልፈለገም፤ ሊያሳምረውም አልፈለገም። አንዳንዱ ይግቡ አለው፤ አልገባም። አንዳንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ ዝናብ ላይ አቁሞ ሰማው። አንዲት ሴት «ይምላሉ?» አለችው። በስልሳ አራት ዓመቱ ማል ያለው ሰው አልነበረም። ማለ። መህዲ በረንዳው ላይ ነበር። አባስ ደረጃው ሥር ቆሞ ለእሱም ያንኑ ተናገረ። መህዲ ከወንበሩ ተነሳ። «ይሂዱ ጋሼ፤ እመጣለሁ» አለው።

የሽብሬን ቤት ሁለት ጊዜ አለፈው። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ተመለሰ። በሯ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጎረቤቷ በመስኮት ብቅ አለች።

«ሽብሬ የለችም። ገና ጥሩንባው ሲነፋ ነው የወጣችው።»

አባስ ሻሽቱ ደጅ ሲደርስ እዚያ ያገኘው ሁለት ሰው ነው። ጎንፋና ሽብሬ የእድሩን ድንኳን ከመጋዘን ተሸክመው አምጥተው ለመትከል ይታገላሉ። ሸራው በዝናብ ከብዷል። ጎንፋ አንዱን ቋሚ ይዟል፤ ሽብሬ ሌላኛውን በትከሻዋ ደግፋለች። ቀና ብላ አየችውና መሬት ላይ ወደተጋደመው ሦስተኛው ቋሚ በአገጯ አመለከተችው።

«ያንን ያንሱልን ጋሼ።»

አነሳው። ጭቃው ላይ ተክሎ በሁለት እጁ ያዘው። ከጎኗ ቆመ።

«አንቺ እንዴት አምነሽ መጣሽ?» አላት።

«አላመንኩም» አለች ሽብሬ። ገመዱን ከእንጨቱ ጋር እያሰረች ነበር። «ውሸት ከሆነ ቤቴ እመለሳለሁ አልኩ። እውነት ከሆነስ? ብቻዋን ናት።»

ቋጠሮውን አጥብቃ ወደ ሌላው ጥግ ሄደች። ከታች በኩል በጭቃው የሚመጡ ሰዎች ኮቴ ይሰማ ጀመር፤ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሆነው፣ በኋላ ብዙ። አባስ ማን እንደመጣ ዞሮ አላየም። ፊቱን ወደ ሸራው አድርጎ፣ የሚቀበለው ሰው እስኪደርስ ድረስ እንጨቱን እንደያዘ ቆየ።